ስለ ቤቱ ሁኔታ ይቅርታ

ቤቨርሊ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ወደ ኩሽና ስትወርድ፣ እናቷን ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ጭንቅላታቸውን እስከ ትከሻቸው ኦቭን ውስጥ ከተው አገኘቻቸው። «እማዬ!» ብላ ጮኸች። «ምን ያስጮህሻል? ኤሌክትሪክ እኮ ነው፣ ጋዝ አይደለም» አለ ከኦቭኑ ውስጥ የሚመጣ ድምፅ። ወይዘሮ ኢኒድ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ያም ሆኖ የጎማ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ሶዳና ኮምጣጤ በጥብጠው፣ የልጃቸውን ኦቭን ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ ነበር። ቤቨርሊ ያንን ኦቭን ያጸዳችው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ይህንኑ ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እናቷ ለምን እንደሚፈትጉ ታውቃለች፤ እየፈተጉ ያሉት የእሷን ኦቭን አልነበረም።

ነገሩ የመጣው ማታ እራት ላይ ነው። ወይዘሮ ኢኒድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከራዩትን ቤት ባለቤቱ ልሸጠው ነው ስላለ ለቀው ወጥተዋል፤ አሁን የሚያድሩት እዚሁ እንግሊዝ፣ ሼፊልድ ከተማ፣ ዳገቱ ላይ ባለችው የቤቨርሊ ጠባብ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ነው። ከመልቀቃቸው በፊት ቤቱን ሳምንት ሙሉ ፈትገውታል። መስኮቱን በጋዜጣ ወለወሉ፤ የበር እጀታ አልቀራቸው፤ የማብሪያና ማጥፊያውን ዙሪያ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አጸዱ። ማታ ግን የቤቨርሊ ባል ክላይቭ ስልኩን እየነካካ «ውይ፣ ከአከራዮቹ ድርጅት ለእማማ መልእክት መጥቷል» አለና፣ ለሰውየው ቀድሞ ማሰብ የሚባል ነገር አልተሰጠውም፣ ጮክ ብሎ አነበበው። ቤቱ ቆሽሾ ስለተገኘ ለባለሙያ ጽዳት ሲገቡ ካስያዙት የመያዣ ገንዘብ ላይ ሦስት መቶ አሥር ፓውንድ ይቆረጣል፤ ኦቭኑ ላይ ስብ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ዝቃጭ፣ በየክፍሉ ደግሞ ሽታ ተገኝቷል። «ሽታ?» አሉ ወይዘሮ ኢኒድ። ክላይቭ ዘግይቶ ሲገባው «ለሁሉም ሰው የሚጽፉት ነገር ነው እኮ እማማ» አለ። እሳቸው ግን ሳህናቸውን አንስተው አጥበው፣ አድርቀው፣ እንደገና አጠቡት።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቤቨርሊ ከራሷ ኪስ አውጥታ፣ ደላላ የወለደውን ሁሉ ረግማ በገላገለችው። የቸገረው ሌላ ነው። ከወንዙ ማዶ ለአዛውንት የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ ምድር ቤት የሆነች፣ በሯ ወደ አትክልት የሚከፈት አንዲት ክፍል ለወይዘሮ ኢኒድ ደርሳቸዋለች። ሁለት ዓመት ጠብቀው ነው። የቤቶቹ ኃላፊ የምትፈልገው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ የቀድሞ አከራይ «ተከራይዋ በሰላም ለቀዋል፣ ያልተዘጋ ሂሳብ የለባቸውም» ብሎ የሚጽፈው። ያ ወረቀት ዛሬ ዓርብ ቢሮ ሳይዘጋ ካልደረሰ፣ ክፍሏ ወረፋ ለሚጠብቀው ለሚቀጥለው ሰው ትሰጣለች። አከራዮቹ ደግሞ የጽዳቱ ሂሳብ እልባት ሳያገኝ ወረቀት አንጽፍም ብለዋል። እንግዲህ ሂጂና ተከራከሪ። ቤቨርሊ ከሥራ ቦታዋ ፈቃድ ጠይቃ፣ ካፖርቷን ደርባ ወጣች። እናቷ በሩ ላይ «ቤቱን ሊረከብ የመጣውን እንዳትቆጪው፣ ልጅ ነው» አሏት።

አውቶቡሱ ውስጥ ዝናቡ መስታወቱን ሸፍኖት ስለነበር ወደ ውጭ እንኳ ማየት አልተቻለም። ቤቨርሊ የምትለውን በልቧ ታጠናለች፤ ጥሩ ጥሩ አረፍተ ነገር ይመጣላትና አውቶቡሱ ሲቆም ይጠፋባታል። ከአረፍተ ነገሮቹ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ለማንም የማትናገረው። እናቷ እንዲወጡላት ትፈልጋለች። አትጠላቸውም፤ ኧረ በፍጹም! ግን ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ሁሉ ሳሎኑን በእግር ጣቱ ነው የሚያልፈው። ክላይቭ የተጠበሰ ድንቹን መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ በልቶ መግባት ጀምሯል፤ እማማ ሳህን ከእጄ ላይ ይነጥቁኛል ይላል። እናቷም ቢሆኑ ደስ አላላቸውም፤ አልጋቸውን ጎሕ ሳይቀድ አጥፈው፣ ሻንጣቸውን ከሶፋው ኋላ ደብቀው፣ ማንም እንዳልመጣ ለማስመሰል ይሞክራሉ። ቤቨርሊ ያንን የተደበቀ ሻንጣ ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል፤ ወዲያው ደግሞ መቼ ነው የሚነሳው ብላ ታስባለች። ይህን የምታስብ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ናት? ዛሬ ወረቀቱ ከተገኘ ግን ጥያቄውን መመለስ አይጠበቅባትም።

የአከራዮቹ ቢሮ ፊት ለፊቱ መስታወት ነው፤ በአምፖል የደመቁ የቤት ፎቶዎች ተሰቅለውበታል፤ ዋጋቸውን ላየ ሰው ቤቱን ሳይሆን ባንኩን የሚሸጡ ይመስላል። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ኮሪ የሚባል ወጣት ነው፤ ክራባቱ ከሸሚዙ ይሰፋል። ቤቱን ለመረከብ መጥቶ የነበረው ራሱ ነው። የእናቷን ስም ስትነግረው ፊቱ በራ።

«ወይዘሮ ኢኒድ! እንዴት ናቸው? የሰጡኝ የሎሚ ኬክ እስካሁን አፌ ላይ አለ!»

«በልተሃል ማለት ነው?»

«ሁለት ቁራጭ። ሦስተኛውን በናፕኪን ጠቅልለው ሰጡኝ።»

«ሽታ ባለበት ቤት ቁጭ ብለህ ሁለት ቁራጭ ኬክ በላህ?»

ኮሪ አንገቱ ድረስ ቀላ። ቤቨርሊ አላሳረፈችውም። ፎቶዎቹን አሳየኝ አለች፤ አሳያት። የኦቭን ውስጥ ነው፤ ጥቁር፣ ጨለማ፣ የማንም ሊሆን የሚችል። የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ቧንቧ። «ዝቃጩ የታለ?» አለችው። «በፎቶ ብዙም አይታይም» አላት። እናቴ ሲገቡ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር የተመዘገበው የት አለ ስትለው ደግሞ፣ ያን ጊዜ የነበረው ድርጅት ሌላ ነው፣ ወረቀቱ እኛ ጋ አልደረሰም አላት። ቤቨርሊ ልቧ ትንሽ ተነሳ። የመግቢያው መዝገብ ከሌለ በምን አወዳድረው ነው ቆሸሸ የሚሉት? ማታ ኢንተርኔት ላይ ያነበበችው ይህንኑ ነበር፤ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ ያለበት አከራዩ ነው። ይህን ሁሉ ሳትንተባተብ ተናገረች፤ ራሷን ሰማችና ገረማት።

«ልክ ነዎት» አለ ኮሪ፤ ከልቡ ይመስላል። «ግን እኮ ራሳቸው አምነዋል።»

«ማን?»

ኮሪ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እሷ አዞረላት። ከፎቶዎቹ ሥር ተከራዩ የተናገረው የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ «ተከራይዋ ስለ ቤቱ ሁኔታ ይቅርታ ጠይቀዋል» ይላል። ቤቨርሊ አነበበችው፣ መልሳ አነበበችው። ከዚያም ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ደግሞ የሚያስለቅስ ዓይነት ነበር። እዚህ አገር እኮ እግሩ የተረገጠ ሰው ነው ይቅርታ የሚለው! ከመብራት ምሰሶ ጋር የተላተመም ምሰሶውን ይቅርታ ይጠይቃል። በሩን ለእንግዳ የከፈተ ሁሉ፣ ወለሉ ላይ ምግብ ተዘርግቶ የሚበላበት ቤት ቢሆንም፣ «ስለ ቤቱ ሁኔታ ይቅርታ» ሳይል አያስገባም፤ የቧንቧ ሠራተኛም ይሁን ቄስ። ይህን የማያውቅ የለም፤ የኮሪም እናት ትለዋለች።

«አንተ ራስህ እናትህ ትለዋለች!» አለችው።

«ትለዋለች» አለ ኮሪ ጣቱን እያየ። «እኔ ያሉኝን ነው የጻፍኩት። ባልጽፍ ደግሞ አለቃዬ ቦታው ለምን ባዶ ሆነ ትለኛለች። ያንን አይተው ሒሳቡን ያወጡት የበላዮቼ ናቸው።»

ከዚያ ያለውን መንገድ ነገራት። ካልተስማሙ ጉዳዩ መያዣ ወደሚያስቀምጡት ገላጋዮች ይሄዳል፤ ያሸንፉ ይሆናል፤ ግን ስድስት ሳምንት፣ ምናልባትም ከገና በኋላ። ያ እስኪያልቅ ሂሳቡ ክፍት ነው፤ ሂሳቡ ክፍት ከሆነ ወረቀት የለም። ከተስማሙ ግን ዛሬውኑ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ወረቀቱን ራሱ ይልካል። ቤቨርሊ ካርዷን ከቦርሳዋ አወጣች፤ በቃ እኔ ልክፈል፣ እናቴ አይስሙ አለች። አይሆንም። ውሉ በወይዘሮ ኢኒድ ስም ነው፤ ቤቱ ቆሽሾ እንደነበር ተቀብያለሁ ብለው በራሳቸው አንደበት መናገር አለባቸው፤ በስልክም ቢሆን ይበቃል። «ቆሽሾ ነበር ብለው?» አለች ቤቨርሊ። «እንደዚያ ነው የሚባለው» አለ ኮሪ። ቤቨርሊ ካርዷን መልሳ ከተተች። ስትነሳ «ይቅርታ ስላስቸገርኩህ» አለችውና፣ በሩን ወጥታ ዝናቡ ፊቷን ሲመታት ምላሷን ነከሰች።

ቤት ስትደርስ ኩሽናው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ወይዘሮ ኢኒድ ኦቭኑን ጨርሰው ማንኪያና ሹካዎቹን በጨው እየወለወሉ ነበር፤ ቀና ብለው ፊቷን አዩና መጠየቁን ተዉት። ቤቨርሊ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆመች። ቀስ ብላ ልትነግራቸው ነበር ሐሳቧ፤ በመንገድ ላይ ሁሉ ቀስ በይ፣ ቀስ በይ ስትል ነው የመጣችው።

«እማዬ፣ ልጁ ሲመጣ ይቅርታ ብለሽዋል?»

«መቼ?»

«ቤቱን ሊያይ ሲመጣ! ስለ ቤቱ ሁኔታ ይቅርታ ብለሽዋል ወይ?»

ወይዘሮ ኢኒድ ማንኪያውን አስቀመጡ። «ብዬ ይሆናል። ምን ልበለው ታዲያ? ሰው በሬ ላይ ቆሞ፣ ዝናብ መትቶት! ካርቶኑ ኮሪደሩ ላይ ተከምሮ ነበር፤ ልጁ ሊያልፍ አልቻለም። ግባ ልጄ፣ ስለ ቤቱ ሁኔታ ይቅርታ አልኩት። ነውር ነው እንዴ?»

«ጽፎብሻል እኮ! ቆሻሻ መሆኑን አምናለች ብሎ ጽፎብሻል!»

«ኬክ ሰጥቼው?» አሉ ወይዘሮ ኢኒድ። የደነቃቸው ይህ ነበር። ተቀመጡ። «ያ የተባረከ ልጅ፣ ጫማውን እንኳ ያወለቀ ልጅ?»

ቤቨርሊ የቢሮውን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ስድስት ሳምንቱን፣ ገናውን፣ ወረቀቱን፣ በራስ አንደበት መናገሩን። እናቷ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙና መጨረሻ ላይ ቀና ብለው «አልልም» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። «ሰባት ልጅ ካሳደገች እናት ነው የተወለድኩት፤ ቤታችን ድሃ ነበር እንጂ ቆሻሻ አልነበረም። ሽቷል በይ ብትዪኝ አልልም። ገላጋዮቹ ይዩት፤ እኔ እጠብቃለሁ።» እውነታቸውን ነው። ቤቨርሊም እውነታቸውን መሆኑን ታውቃለች፤ የሷ ቁጣ የመጣው ግን ከሌላ ቦታ፣ ከዚያ ከአውቶቡሱ ሐሳብ ነው፤ ሳታስበው ከአፏ አመለጠ።

«አንቺማ ትጠብቂያለሽ! እስከ ገና እዚሁ ሶፋ ላይ ልትሆኚ ነው! እኛስ? እኛስ እማዬ?»

ማንኪያዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ጎረቤት ያለው ሬዲዮ የእግር ኳስ ወሬ ያወራል። ቤቨርሊ «እንደዚያ ማለቴ አይደለም» አለች፤ ግን እንደዚያ ማለቷ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። ወይዘሮ ኢኒድ ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ መሳቢያው ውስጥ መለሱ፤ ሹካውን ከሹካ፣ ማንኪያውን ከማንኪያ ጋር። የጎማ ጓንቱን ገልብጠው አደረቁ። «ገባኝ፣ ልጄ» አሉ። በቁጣ ቢሉት ይሻላት ነበር። ቤቨርሊ ልታቅፋቸው ፈለገች፤ ካፖርቷ ርጥብ ነበር፣ እናቷም ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር፣ እንዲሁ ቀረ። ወደ ላይ ወጣች።

መኝታ ቤቷ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ተከራዮችን ወደሚያማክሩት ስልክ ደወለች። በወረፋ ላይ ነዎት፣ እባክዎ ይጠብቁ፤ ሙዚቃ፤ በወረፋ ላይ ነዎት። አንድ ዘዴ ይኖር ይሆናል፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው በሁለት ቃል ኮሪን ዝም ያሰኘው ይሆናል። የቤቶቹን ኃላፊ እስከ ሰኞ ታገሺኝ ብላ ለመለመን በሥራ ስልኳ ሞከረች፤ ኃላፊዋ ደግ ሰው ናት፣ ግን ሦስት ሽማግሌዎች እየጠበቁ ነው፣ ለአንዱ ብራራ ሌላውን በደልኩ አለቻት። በመስኮቱ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ የመንገድ መብራቶች በሩ። ከታች የውጭው በር ተከፈተ፤ ክላይቭ ነው፤ የተጠበሰ ድንቹና የኮምጣጤው ሽታ አብሮት ገባ። «እማማ፣ ቤቭ የለችም እንዴ?» «ላይ ናት፤ ራሷን አሟታል፤ ሳሎን ሂድና ቴሌቪዥንህን እይ፣ በሩንም ዝጋው» ሲሉ ሰማች። የሳሎኑ በር ተዘጋ። ወረፋው ላይ ያለው ሙዚቃ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ከዚያ የኮሪደሩ ስልክ ቁልፎች ሲጫኑ ሰማች፤ ቀስ እያሉ፣ መነጽሩን እንዳላደረገ ሰው። ቤቨርሊ የራሷን ስልክ ከጆሮዋ አወረደች። እናቷ ከባለሥልጣን ወይም ከሐኪም ጋር ብቻ የሚያወሩበት አንድ ድምፅ አላቸው፤ ቀጠን ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል የሚያጥብ። በዚያ ድምፅ ነው የጀመሩት።

«ሃሎ፣ ልጄ፣ ኢኒድ ነኝ። ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ይቅርታ፣ መዝጊያችሁ እንደደረሰ አውቃለሁ። ያ ያላችሁት ነገር... አዎ። እቀበላለሁ።»

ቤቨርሊ ተነሥታ የደረጃው አናት ላይ ደረሰች። ከላይ ሆና የእናቷን ነጭ ፀጉርና የለበሱትን ሽርጥ ታያለች፤ አንድ እጃቸው የግድግዳውን ወረቀት ይዟል።

«አዎ፣ ቆሽሾ ነበር። እንደዚያ ብለህ ጻፈው። እኔ እኮ አርጅቻለሁ፣ ዓይኔም ስብ አያይልኝም። ... መታጠቢያ ቤቱም። ... እሱንም ማለት አለብኝ?» ቤቨርሊ የደረጃውን መደገፊያ እንጨት ጨበጠች። «እሺ። ሽታም ነበረው። የሽማግሌ ቤት ይሸታል፣ ምን ይደረጋል። አዎ፣ በራሴ አንደበት ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ወረቀቱን አሁን ትልክልኛለህ አይደል? የተባረክህ ልጅ ነህ። ለእናትህ ሰላም በልልኝ።»

ወርዳ ስልኩን ልትነጥቃቸው ትችል ነበር። ውሸት ነው፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ብላ ልትጮህ ትችል ነበር። እግሯም ደረጃው ላይ ነበር። ግን አልወረደችም። በውስጧ የሆነ ነገር «ይጨርሱ፣ ይጨርሱ» ይል ነበር፤ ዕድሜዋን በሙሉ ያንን ድምፅ እንደምታስታውሰው እዚያው ቆማ ገባት። ስልኩ ሲቀመጥ እናቷ ቀና እንዳይሉባት ፈርታ ወደ ኋላ ሸሸች፤ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገፋ አድርጋ፣ ያልሰማች መስላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር፤ በአንሶላው ጠረገችው።

ብዙም ሳይቆይ ከታች ተጠራች።

«ቤቭ! ነይ ውረጂ! ክላይቭ፣ አንተም ና! ጉድ ስሙ!»

ወረደች። ወይዘሮ ኢኒድ ኮሪደሩ ላይ ሽርጣቸውን እየፈቱ ቆመዋል፤ ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ዓይናቸው ከማንም ዓይን ጋር አይጋጠምም። «ልጁ ደወለ» አሉ። «ያ ኮሪ። ስህተት ነበር ይላል። የሌላ ሰው ቤት ፎቶ ነው ከእኔ ጋር የተቀላቀለው። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ምስኪን፤ ደጋግሞ ነው ይቅርታ ያለኝ። ወረቀቱንም ልኮታል። ሰኞ ቁልፌን እቀበላለሁ።»

«አላልኳችሁም?» አለ ክላይቭ። እማማን በትልልቅ ክንዶቹ አቀፋቸው። «ታዲያ ሦስት መቶ አሥሩን ይመልስላቸዋል ማለት ነው?»

ወይዘሮ ኢኒድ ሽርጡን ማጠፍ ጀመሩ፤ አጥፈው ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት። «ገንዘቡ ትንሽ ይቆያል አለ» አሉ፣ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን ያዩዋት። «ቢሮ ነው፤ ይቆያል። አይደል ቤቭ?»

«አዎ እማዬ» አለች ቤቨርሊ። «ይቆያል እንጂ ይመጣል።»